የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን

የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1937) በዶክተር መላኩ በያን መሪነት በኒው ዮርክ ከተማ የተመሠረተ ማኅበር ነው። የተቋቋመው ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን በአሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦችን አስተባብሮ ኢትዮጵያን ለመርዳት ነበር። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል በሻሸመኔ ከተማ «ጃማይካ ሰፈር» ተብሎ የሚታወቀው መንደር መነሻው ይኸው ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሥር ግን ከጦርነቱ በፊት፣ መሥራቹ ገና የሕክምና ተማሪ በነበሩበት ጊዜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተጀመረ ትንሽ የጥናት ጉባኤ ይመዘዛል።

የመላኩ በያን የተማሪነት ዘመን

መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1900 በወሎ ተወለዱ። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመድ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው በሙስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በዋሽንግተን ዲሲ ወደሚገኘው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ በዚያም የሕክምና ትምህርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1935 ፈጸሙ።

ሃዋርድን መምረጣቸው ትርጉም ነበረው። ዩኒቨርሲቲው በዘር መድልዎ ምክንያት ሌላ በር ለተዘጋባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ዋናው የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ነበር። በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን እንደ ጥቁር አይቆጥሩም» የሚል ወሬ በአሜሪካ ጋዜጦች በሰፊው ይነዛ ነበር። መላኩ ይህን ወሬ በቃልም በኑሮም ተቃወሙ፤ ጥቁር አሜሪካዊት የሆኑትን ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ጋርም በቅርብ ይሠሩ ነበር።

የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ

በሃዋርድ ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ነበሩ። የአፍሪካ ታሪክ ለትምህርት የሚበቃ ነገር የለውም ይባል በነበረበት ጊዜ ስለ አክሱምና ስለ ኩሽ ያስተምሩ ነበር። ኋላ የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ናምዲ አዚኪዌም በሃዋርድ ሳሉ ከእሳቸው ተምረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሃንስቤሪና መላኩ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን መሠረቱ። የጉባኤው ሥራ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ሥልጣኔ ትክክለኛ መረጃ ማሰባሰብና ማሰራጨት ነበር። ገንዘብም ሆነ ሥልጣን አልነበረውም፤ ነገር ግን ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ መረጃ ለሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን መልስ የሚሰጥ የተዘጋጀ ቡድን ነበር።

መላኩ ከጥናቱ ጎን ለጎን ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ ሄደው እንዲያገለግሉ ይቀሰቅሱ ነበር። ከነዚህ መካከል በአላባማ በሚገኘው በተስኪጊ ተቋም የተማሩት አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ይገኙበታል። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በጦርነቱ ጊዜ በአብራሪነት አገልግለዋል። ከድል በኋላም እ.ኤ.አ. በ1944 ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ያረፉትም በአዲስ አበባ ነው።

ከጥናት ወደ ማኅበር

ጦርነቱ ሲጀመር በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለመዝመት ፈቃደኛ ሆኑ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ዜጎቹ በውጭ አገር ጦር እንዳይመዘገቡ በሕግ ከለከለ። ስለዚህ የቀረው መንገድ ገንዘብና መድኃኒት መላክ ነበር። ይህንንም ብዙ ትናንሽ ቡድኖች በየፊናቸው ስለጀመሩት እርዳታው ተበታተነ፤ የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ለማወቅም አስቸጋሪ ሆነ።

ዶክተር መላኩ በጦርነቱ በሐኪምነት ካገለገሉ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 እርዳታውን በአንድ እጅ እንዲያደርጉ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዓመቱ የተመሠረተው ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ በየከተማውም ቅርንጫፎች ነበሩት። አባላቱ መዋጮ ይከፍሉ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለው ጋዜጣውም የጦርነቱን ዜና ከኢትዮጵያ በኩል ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በጃማይካ ቅርንጫፎች ተከፈቱ።

ዶክተር መላኩ ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በ40 ዓመታቸው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

የሻሸመኔ መሬት

ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በሚያልፈው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በችግር ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የፌዴሬሽኑ አባላት በዚያ 5 ጋሻ ወይም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ወሬው እ.ኤ.አ. በ1955 በጃማይካ ቅርንጫፎች በኩል ከተሰማ በኋላ በተለይ የራስተፈሪያን እምነት ተከታዮች መምጣት ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጨመረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ሠፋሪዎቹ አብዛኛውን ይዞታቸውን አጡ። ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት ዜግነትም ሆነ ሕጋዊ የመኖሪያ ሰነድ ሳይኖራቸው ኖረዋል፤ በአገሩ የተወለዱ ልጆቻቸውም የዚሁ ችግር ተካፋዮች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያ መንግሥት ለማኅበረሰቡ አባላት መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ማኅበረሰቡ በከተማዋ ትምህርት ቤት አቋቁሟል።

ተመሳሳይ ማኅበራት

በውጭ የሚማሩ አፍሪካውያን ተማሪዎች መደራጀት የተጀመረው በሃዋርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 በለንደን የተቋቋመው የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ቀደም ያለ ነው፤ ክዋሜ ንክሩማም በ1945 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላም ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የየራሳቸውን ማኅበራት መሥርተዋል። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ በ2003 መተዳደሪያ ሰነዱን ሲያሻሽል ከአህጉሩ ውጭ የሚኖሩ አፍሪካውያን በኅብረቱ ግንባታ ሙሉ ተሳትፎ እንዲያደርጉ ጥሪ አቅርቧል።

ፌዴሬሽኑ ከነዚህ የሚለየው ሁለት ነገሮችን በማገናኘቱ ነው። በአንድ በኩል ከአፍሪካ ለትምህርት የሄደ ተማሪን፣ በሌላ በኩል አያቶቹ በባርነት የተወሰዱ ጥቁር አሜሪካዊን በአንድ ማኅበር አሰባስቧል። ውጤቱም ከተላከው እርዳታ አልፎ እስከ ዛሬ በሻሸመኔ የሚኖር ማኅበረሰብ ሆኗል፤ የዚህ ማኅበረሰብ ሕጋዊ መብት ጉዳይ ግን መሥራቹ ካረፉ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል።