«ኖርኩ» ወይስ «እኖራለሁ»? የእንግሊዝኛ የግስ ጊዜና ትናንሾቹ ቃላት

በገዳሪፍና በከሰላ አካባቢ ካምፖች የሚኖር ስደተኛ የዕለት ኑሮውን የሚገፋው በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ ነው። ስለ እርሱ የሚጻፈው ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ቃለ መጠይቅ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ ስለሚቻል፣ እንግሊዝኛው ያልጠራለት ሰው በገዛ ቋንቋው ቢናገር ይሻለዋል። ሆኖም የሰጠው ቃል ተመልሶ ሲነበብለት የተናገረውና የተጻፈው አንድ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ሰዋስው ይረዳዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አማርኛ ተናጋሪን ይበልጥ የሚያሳስቱትን ሁለት ነገሮች እንመለከታለን።

1. የግስ ጊዜ

በአማርኛ «ሄደች» ስንል ማን እንደ ሄደች ከግሱ እንረዳለን። በእንግሊዝኛ ግን ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄዱ ሁሉም «ዌንት» ናቸው። ስለዚህ «ሺ» (እርሷ) ወይም «ሂ» (እርሱ) የሚለው ቃል ከተረሳ የሄደው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለ ቤተሰብ ስንናገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት የትንቢት ጊዜ ነው። «ባለቤቴ ትመጣለች» የሚለው አማርኛ ዘወትር ትመጣለች ማለትም፣ ወደፊት ትመጣለች ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። «ማይ ዋይፍ ካምስ» ዘወትር ትመጣለች፣ «ማይ ዋይፍ ዊል ካም» ደግሞ ገና ወደፊት ትመጣለች ማለት ነው። «ዊል» ከተረሳ፣ ገና ያልመጣች ሴት የምትመላለስ ትመስላለች።

ሦስተኛውና ዋነኛው ያለቀን ነገር ካላለቀው መለየት ነው። ኡም ራኩባ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንደገና ሲከፈት የገባና እስከ ዛሬ እዚያው ያለ ሰው በአማርኛ «እዚህ ብዙ ዓመት ኖርኩ» ቢል ማንም አይሳሳትም። ይህንኑ «አይ ሊቭድ ኢን ኡም ራኩባ» ብሎ ቢተረጉመው ግን ሰሚው ከካምፑ የወጣ ሊመስለው ይችላል። ትክክለኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ኡም ራኩባ ሲንስ 2020» ነው። «ሃቭ» ነገሩ እስከ አሁን መቀጠሉን ያሳያል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ከካርቱም ወጥቶ ገዳሪፍ የገባ ሰው «አይ ሊቭድ ኢን ካርቱም ፎር ቴን ይርስ» ቢል ትክክል ነው፤ የካርቱም ኑሮው አብቅቷልና።

«ሲንስ» ነገሩ የተጀመረበትን ዓመት፣ «ፎር» ደግሞ የቆይታውን ርዝመት ያስከትላል። ዓመተ ምሕረቱንም አንርሳ። በእነርሱ አቆጣጠር ለመጻፍ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት እንጨምራለን። ለምሳሌ ኅዳር 2013 በእነርሱ 2020 ሲሆን፣ የካቲት 2013 ግን 2021 ነው።

በመጨረሻም «ኖረ» እና «ለቆ ሄደ» የሚሉት ሁለት ግሶች ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ሊቭ» ይመስላሉ። በኃላፊ ጊዜ ግን ይለያያሉ። «አይ ሊቭድ» ኖርኩ፣ «አይ ሌፍት» ለቅቄ ሄድኩ ማለት ነው።

2. ኤ፣ አን እና ዘ

አማርኛ የታወቀን ነገር የሚያመለክተው ከስሙ መጨረሻ ነው፦ ሰው፣ ሰውዬው፤ ቤት፣ ቤቱ። እንግሊዝኛ ግን ከስሙ በፊት ትንሽ ቃል ያስቀምጣል። «አንድ ሰው መጣ። ሰውዬው ስሜን ጠየቀኝ» የሚለውን እንውሰድ። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ኤ ማን»፣ ሁለተኛው «ዘ ማን» ይሆናል። ሰሚው ገና የማያውቀው ነገር «ኤ»፣ የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ነገር «ዘ» ይቀድመዋል።

«አን» የ«ኤ» ወንድም ነው፤ በአናባቢ ድምፅ ከሚጀምር ቃል በፊት ይገባል። የሚወስነው ድምፁ እንጂ ፊደሉ አይደለም። «ኤ ሬሽን ካርድ» እንላለን፤ «አን አይዲ ካርድ» እንላለን። «ዩ.ኤን.» የሚጻፈው በአናባቢ ፊደል ቢሆንም «ዩ» ተብሎ ስለሚነበብ «ኤ ዩ.ኤን. ካር» ነው።

የከተማና የካምፕ ስም «ዘ» አይቀድመውም። የወንዝ ስም ግን ይቀድመዋል። ሐምዳይት የገባ ሰው «አይ ክሮስድ ዘ ተከዜ» ይላል እንጂ «ዘ ሐምዳይት» አይልም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያለብን «ልጁ» በሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ቀደም ብሎ የተጠቀሰው ልጅ ማለትም፣ የእርሱ ልጅ ማለትም ይሆናል። እንግሊዝኛ «ዘ ቻይልድ» እና «ሂዝ ቻይልድ» ብሎ ይለያቸዋል። የገዛ ልጅን «ማይ ቻይልድ» በማለት ፈንታ «ዘ ቻይልድ» ማለት ልጁ የማን እንደ ሆነ አይገልጽም። የቤተሰብ ምዝገባ ሲሞላ ይህች አንዲት ቃል ልጅን ከወላጁ ጋር የምታያይዝ ወይም የምትለይ ልትሆን ትችላለች።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።
ሀ) ከ2021 ጀምሮ ቱናይድባ እኖራለሁ።
ለ) እኅቴ ነገ ትመጣለች።
ሐ) ካርድ ነበረኝ፤ ካርዱ ጠፋብኝ።

መልስ
ሀ) አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ቱናይድባ ሲንስ 2021።
ለ) ማይ ሲስተር ዊል ካም ቱሞሮው።
ሐ) አይ ሃድ ኤ ካርድ። አይ ሎስት ዘ ካርድ።

ቃላችሁ ተጽፎ ሲነበብላችሁ «ሃቭ»፣ «ዊል»፣ «ማይ» እና «ዘ» በየቦታቸው መኖራቸውን አዳምጡ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ከመፈረማችሁ በፊት እንደገና እንዲነበብላችሁ ጠይቁ።