«አምኖ የለ፣ ምን ይግባኝ አለው?»

ጎረቤቴ በማርያም ዕለት ከሰዓት በኋላ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ልጃቸው መጠጥ ቤት ውስጥ በተነሣ ጠብ አንዱን በጠርሙስ መትቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥፍቶበታል። ችሎት ፊት አመነ፣ 6 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። «አምኖ የለ፣ ምን ይግባኝ አለው ይሉኛል» አሉ፣ ቡናቸውን ሳይነኩ።

እንዲህ የሚሏቸው ሰዎች ግማሹን አውቀዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185፣ አምኖ የተፈረደበት ሰው «ጥፋተኛ አይደለሁም» ብሎ ይግባኝ እንዳይል በሩን ይዘጋበታል። የቅጣቱን ልክና ሕጋዊነት በተመለከተ ግን በሩ ክፍት ነው። የልጁ ክርክር እንግዲህ «አልመታሁም» ሳይሆን «6 ዓመት በዛብኝ» ነው።

በዛ ከምን አንጻር? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 ለከባድ የአካል ጉዳት የተወው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት፣ ወይም እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት። ሜዳው እንዲህ ሲሰፋ አንዱ ችሎት 3፣ ሌላው 10 ቢል ማን ይፈርዳል? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው ለዚሁ ነው። የተሻሻለው መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሰላል ይመስላል። ዳኛው የወንጀሉን ክብደት መዝኖ አንድ እርከን ላይ ይቆማል፤ ማክበጃ ሲገኝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማቅለያ ሲገኝ ወደ ታች ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ መነሻና ጣሪያ አለው።

ስለዚህ እኔ ውሳኔ ሲሰጠኝ ከመጨረሻው ገጽ ነው የምጀምረው። እርሳስ ይዤ አነበብሁ። ማክበጃ፦ ድርጊቱ በሌሊት መፈጸሙ። ማቅለያ፦ ቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የሌለበት መሆኑ፣ ጥፋቱን ማመኑ። ሌላ የለም።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ታዲያ ምንድን ነው?» ፌስታሉን ገለበጡት። የተጎጂው የሆስፒታል ደረሰኞች፣ ሁሉም በእሳቸው የተከፈሉ። ሽማግሌዎች የፈረሙበት የእርቅ ወረቀትም አለ። እርቁ ክሱን አያስቀረውም፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው እንጂ የተጎጂው ብቻ አይደለም። ለቅጣቱ ግን ዋጋ አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82(1)(ሠ) የልብ ጸጸትን ማቅለያ ያደርገዋል፤ ጸጸቱ የሚታየውም ተጎጂውን በመርዳት፣ ጥፋትን በማመን፣ እጅ በመስጠት ወይም የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን በመካስ ነው።

«ይህን ለዳኛው አቅርባችኋል?»

«ማን ጠይቆን? ልጁ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ፣ አለቀ።»

ጠይቀዋል እንጂ። ጥፋተኛነቱ እንደተወሰነ ዳኛው ዐቃቤ ሕጉንም ተከሳሹንም «የቅጣት አስተያየት» ይላል። ሁለት ቃል ናት፤ ቤተሰብ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳይሰማት ታልፋለች። በእኔ ግምት ከይግባኙ ሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨው ይህቺ ቅጽበት ናት። ደረሰኙ ያኔ ቀርቦ ዳኛው ዝም ብሎት ቢሆን ጠንካራ የይግባኝ ምክንያት ይሆን ነበር። ሳይቀርብ ከቀረ ግን ይግባኝ ሰሚው በዋናነት የሚያየው ያንኑ መዝገብ ነው፤ አዲስ ማስረጃ የሚቀበለው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው። ዐቃቤ ሕጉም «ማመኑና መካሱ ያው አንድ ጸጸት ነው፣ ተይዞለታል» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለእማማ ይህን አልደበቅኋቸውም።

«የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ እኔም በሽተኛ ነኝ ብለህ ጻፍልኝ» አሉ። ይጻፋል። ሕጉ ያልዘረዘረውን ምክንያት ዳኛው በአንቀጽ 86 መሠረት ሊይዘው ይችላል፣ ምክንያቱን መግለጽ ግን ይኖርበታል። ሦስት ገጽ ልቅሶ ግን እርከን አያወርድም። «ይህ ማቅለያ ቀርቦ ታልፏል፣ ይህ ማክበጃ ያለ ቦታው ተይዟል» የሚል አንድ ገጽ ይሻላል።

ከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው። ችሎቱ ይግባኙን መርምሮ «አያስቀርብም» ካለ ይግባኙ እዚያው ያበቃል፤ «ያስቀርባል» ካለ ዐቃቤ ሕጉ ለመልስ ይጠራል። ሰበር ቢኬድ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኋቸው፦ ዐቃቤ ሕጉም «ቅጣቱ አንሷል» ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ለይግባኝ ሰሚው የተሰጠው ሥልጣንም መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ነው።

«አንድ ዓመት ቢቀነስስ ምን ይረባል?» አሉ። በአመክሮ ለመፈታት የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ መፈጸም ያስፈልጋል። ከ6 ዓመት 4 ዓመት ነው፤ ከ5 ዓመት 3 ዓመት ከ4 ወር። እማማ በጣታቸው ቆጠሩ፦ ስምንት ወር። ቀዝቃዛውን ቡና በአንዴ ጠጡት።

«መቼ ነው የተፈረደበት?»

«በሚካኤል።»

የይግባኝ ማስታወቂያው ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር በ15 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የማመልከቻው 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ፣ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ ጀምሮ ነው። ጊዜው ያለፈበት ሰው መዘግየቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሚካኤል 12፣ ዛሬ ማርያም 21።

«እስከ መድኃኔ ዓለም አለኝ ማለት ነው?»

«መድኃኔ ዓለምን አይጠብቁ። ልጁ ራሱ በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በኩል መስጠት ይችላል። መጠየቂያው መቼ ነው?»

«ነገ» አሉና ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመሩ።