የማኅበሩ ሞተር ሳይክል በናፍጣ አይታጠብ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ በሞተር ውስጥ የቀረውን ጥቂት አሮጌ ዘይት አጥቦ ለማውጣት ሲባል ሞተሩን ራሱን ማጣት አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሞተር ሳይክል ያላቸውን ወይም ለመግዛት ያሰቡትን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ነው።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም የሚወስደው አውራ ጎዳና የእንጦጦን ዳገት ከመያዙ በፊት ያለ ሰፈር ነው። ከሱሉልታና ከጫንጮ አቅጣጫ ወደ ከተማ የሚገባው ገበሬ ዳገቱን እንደወረደ የሚያገኘውም ይህንኑ ሰፈር ነው። በዚህ አካባቢ ከአንድ የዘይትና የመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ፣ አንድ የማኅበር ሊቀ መንበር አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ሲገዙ አገኘናቸው። በሌላው እጃቸው በትንሽ ጀሪካን ናፍጣ ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ናፍጣው ለምንድን ነው?» ሲል መካኒኩ ጠየቃቸው።

«አሮጌውን ዘይት ካፈሰስን በኋላ ሞተሩን ልናጥብበት ነዋ፣ ልጄ! ድሮም የምናደርገው እንዲሁ ነው።»

«እንግዲያው ናፍጣውን ለሰንሰለቱ ማጠቢያ ያድርጉት። ወደ ሞተሩ ግን አያስገቡት።»

ሊቀ መንበሩ የጠቀሱት ልማድ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ነው። የመነጨውም ከመልካም አሳብ ነው፤ ንጹሕ ዘይት ከቆሻሻ ጋር እንዳይቀላቀል በማለት ነው። ነገር ግን የሚያስከትለው ጉዳት ከጥቅሙ እጅግ የበዛ ስለሆነ ምክንያቱን መረዳት ያስፈልጋል።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

በባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ውስጥ ያለው ዘይት ሥራው ብዙ ነው። ፒስተኑን ያለሰልሳል፤ በአብዛኞቹም ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚሠሩት በዚያው ዘይት ነው። ከዚህም ሌላ ሙቀት ይቀንሳል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ተሸክሞ ይዞራል። በመሆኑም ዘይት መጥቆሩ ቆሻሻውን ይዞ ሲሠራ መቆየቱን ያመለክታል። ዘይቱ ሲፈስም አብዛኛው ቆሻሻ አብሮ ይወጣል።

በየጥጋጥጉ የሚቀረው ዘይት ጥቂት ነው፤ አዲሱን ዘይት አያበላሽም። አዲሱ ዘይት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጠቁር መካኒኩ አታለለን ብሎ መጠርጠር አይገባም።

ናፍጣ ግን ከዘይት ይልቅ በጣም ቀጭን ነው። ናፍጣ ተሞልቶ ሞተሩ ሲነሳ በሚፋተጉት ብረቶች መካከል በቂ መከላከያ አይኖርም፤ ብረት ብረትን ይበላል። ለዓመታት የተጋገረውም ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ተነቅሎ የዘይቱን ወንፊትና ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሊደፍን ይችላል። ከታጠበ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ናፍጣ ደግሞ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ነጭ ጋዝና ቤንዚንም የሚያደርሱት ጉዳት ተመሳሳይ ነው፤ ቤንዚን የእሳት አደጋም አለበት።

ትክክለኛው አሠራር

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በግርጌውም በማዶውም ጠዋት ብርድ ስለሆነ ያደረ ዘይት ይወፍራል፤ በዚያ ሰዓት ቢፈታ አጥርቶ አይወርድም። ስለዚህ ከናፍጣ የተሻለው ማጠቢያ ሙቀት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

በመጀመሪያ ሞተሩን ለ5 ደቂቃ ያህል አስነስቶ ማሞቅና ማጥፋት። ዘይቱ እጅ እንዳያቃጥል መጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ አየር እንዲገባ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት፤ ከሥር ሳፋ አስቀምጦ የመውጫውን ቡሎን በልኩ ቁልፍ መፍታት።

ሦስተኛ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መታገሥ። ጠብታው ሲሳሳ ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ማዘንበል፤ ማስነሻ ቁልፉ እንደጠፋ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ መርገጥ። የተደበቀው ዘይት በዚህ ይወጣል።

አራተኛ፣ ቡሎኑን ጠርጎ የቀለበቱን ጓርኒሲዮን መለወጥ፤ የዘይት ማጣሪያ ካለው ማጣሪያውንም መለወጥ ወይም ማጽዳት። ቡሎኑ የሚገባበት አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ጥርሱ ይበላል።

አምስተኛ፣ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን መጠን መሙላት፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ወደ 1 ሊትር ይጠጋል። ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት፤ ጥቂት ቆይቶ ቀጥ አድርጎ ልኩን ማየት። ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራ ይሁን፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታልና።

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች ግን የሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል ነው። በእነርሱ የሚፈሰውና የሚለወጠው የካምቢዮው ዘይት ብቻ ነው።

በጣም ያረጀና የተጋገረ ከሆነስ?

ለረጅም ጊዜ ዘይቱ ሳይለወጥ የቆየ ሞተር ካለ ትክክለኛውን ዘይት ሞልቶ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሠሩበት በኋላ እንደገና መለወጥ ይበጃል። አዲሱ ዘይት ራሱ ቆሻሻውን ቀስ በቀስ አጥቦ ያወጣል። ወጪው አንድ ተጨማሪ ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ ሞተር አስፈትቶ ከማደስ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

የፈሰሰውን ዘይት ሳይመለከቱ መድፋት አይገባም። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ሲሻገሩ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ካርቡራተሩ ይታይ። የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ከበዛበት ደግሞ ሞተሩ ሳይሰበር ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ?

ከጉለሌ በላይ ካለው የእንጦጦ ተዳፋት የሚነሱ ጅረቶች ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ። በነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ላይ ሰፈር በቦይ የተደፋ ዘይት ታች ካለው ገበሬ ጎመን ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። በገጠርም ያው ነው፤ በጉድጓድ ውኃ ወይም በምንጭ አጠገብ የተደፋ ዘይት መንደሩ የሚጠጣውን ውኃ ይበክላል።

የተቃጠለ ዘይት ለመዥገር ከብት ላይ የመቀባት ልማድም መቅረት አለበት። በውስጡ የሚከማቹት ብረቶችና መርዛም ነገሮች በቆዳና በመላስ ወደ እንስሳው ሰውነት ይገባሉ። ሰውም ቢሆን እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል፤ ቆዳን አዘውትሮ ሲነካ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላልና። ዘይቱን ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሞ፣ የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ወደሚሰበስብ ጋራዥ ማድረስ የተሻለ መንገድ ነው። ጀሪካኑ ግን ለውኃም ለምግብ ዘይትም ዳግመኛ አይውልም።

የመሪው ድርሻ

የማኅበር ሞተር ሳይክል ብዙ ሰው ይነዳዋል፤ ስለዚህም ዘይቱን ማን እንደለወጠው የሚያውቅ አይገኝም። ይህን ለማስቀረት አንድ ደብተር ይበቃል። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ የለዋጩም ስም ይጻፍበት፤ ሊቀ መንበሩ ወይም ንብረት ያዡ ይፈርምበት። በበጋ አቧራና በክረምት ጭቃ የሚሠራ ሞተር ሳይክል መመሪያው ከሚለው ቀደም ብሎ ሊለወጥለት እንደሚገባም አይዘንጋ።

የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ ሊደርስ የሚጠበቀው፣ የማኅበሩ መልእክተኛም ስለ ማዳበሪያው ለመጠየቅ ወደ ወረዳ የሚሄደው በዚሁ ሞተር ሳይክል ነው። በሐምሌ ጭቃ መካከል ሞተሩ ቢነክስ የሚቀረው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ክትባቱም ይበላሻል፤ የዘር ጊዜም ያልፋል።

እኒያ ሊቀ መንበርም ከሱቁ ሲወጡ አንድ ሊትሩን ሁለት አድርገው፣ ለቡሎኑም ጓርኒሲዮን ጨምረው ገዝተዋል። ናፍጣውን ለሰንሰለቱ ይዘውት ተመልሰዋል።