ምሰሶ አይደበቅም
(የሶቪየት ባሕር ኃይል የራዲዮ ጣቢያዎች ከሰማይ እንዴት ይነበቡ ነበር?)

የጦር ራዲዮ የሚናገረውን በምሥጢር ቃል ይሸፍናል፤ የሚናገርበትን ምሰሶ የሚሸፍንበት ጥበብ ግን እስካሁን አልተገኘም። መድፍ በቅጠል ይከደናል፤ አይሮፕላን መጋዘን ይገባል፤ ባሕር ሰርጓጅ መርከብም ከውኃ በታች ይጠልቃል። አንቴና ግን ሥራውን ይሠራ ዘንድ በገላጣ ሜዳ ከፍ ብሎ መቆም ግድ ይሆንበታል። መጠኑንና ቅርጹን የሚወስነው ደግሞ የጦሩ አዛዥ ሳይሆን የሞገዱ ርዝመት ነው። ከዚህ የተነሣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ቅርጹን ያየ ሰው፥ አንድም ቃል ሳይሰማ፥ ጣቢያው ለምን ዓይነት ሥራ እንደ ተተከለ ለመናገር ይችላል።

«ይህ የኃያላኑ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ በደጃችን ያለፈ ነው። በአሥመራ አሜሪካኖች፥ በበርበራና በዳህላክ ደግሞ ሶቪየቶች ተራ በተራ ሠፍረው ነበር፤ አንዱም የሌላውን ከላይና ከታች ሲቃኝ ኖሯል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ዓይኑ እንናገር። ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ አይሮፕላን በሶቪየት ምድር ላይ ከ1956 ጀምሮ ሲበር ቆይቶ ሜይ 1 ቀን 1960 ተመትቶ ወደቀ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ኮሮና የተባለው የሳተላይት ሥራ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ አስገኘ። ፊልሙ በሣጥን ሆኖ ከጠፈር ይጣላል፤ ጃንጥላው ሲዘረጋም አይሮፕላን በአየር ላይ እንዳለ ይቀልበዋል። በመጀመሪያ የሚለየው ነገር ስፋቱ 12 ሜትር ያህል የሆነውን ነበር፤ ሥራው በ1972 ሲያበቃ ግን ወደ 2 ሜትር ወርዶ ነበር። ከ800,000 የሚበልጡት እነዚህ ፎቶግራፎች በ1995 ከምሥጢርነት ወጥተዋል።

12 ሜትር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት የራሳችንን እንውሰድ። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፥ ኢቲአርኤስኤስ-1፥ የምትለየው 13.75 ሜትር ነበር። መቆጣጠሪያዋም ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ቀና ሲሉ በሚታየው በእንጦጦ ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዓይን 18 ማዞሪያን ብናይ መንገዱን፥ የሰፈሩን ጣራ ጥርቅምና የወንዙን ገደል እንለያለን፤ ታክሲውንና የመብራት ምሰሶውን ግን ፈጽሞ አናገኘውም።

ታዲያ ቀጭን የሆነ የአንቴና ምሰሶ እንዴት ይታያል? አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ምሰሶው ሳይሆን ጥላው ነው። ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰዓትና ቦታ ከታወቀ የፀሐይ ከፍታ ይታወቃል፤ የፀሐይ ከፍታ ከታወቀም ከጥላው ርዝመት የምሰሶው ቁመት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሒሳብ ይወጣል። በቤላሩስ ቪሌይካ በተባለ ስፍራ የሶቪየት ባሕር ኃይል ያቆማቸው 305 ሜትር የሚረዝሙ ምሰሶዎች አሉ። በዲሴምበር መጨረሻ፥ በቀትር፥ የአንዱ ጥላ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ በበረዶው ላይ ይዘረጋል። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እንደ ተሠመረ መሥመር ማለት ነው። በጁን ግን ያው ጥላ 180 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል።

በእኛ አገር ይህ ዘዴ ይቸግራል። በሚያዝያ መጀመሪያ በቀትር 18 ማዞሪያ ላይ የቆመ ምሰሶ ጥላውን እግሩ ሥር ይውጠዋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናትና። ስለዚህ በወገብ አጠገብ ያለን አገር ፎቶግራፍ የሚያነብ ሰው በማለዳ ወይም ወደ ማታ የተነሣውን መርጦ ይይዛል።

ቪሌይካን ካነሣን ስለ ቅርጹ እንጨምር፤ በእውነቱ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው እርሱ ነውና። ተራ የራዲዮ ሞገድ የባሕር ውኃ ውስጥ አይገባም። ወደ ጠለቀ መርከብ ለመናገር እጅግ ረጅም ሞገድ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በ16.5 ኪሎ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከ10 እስከ 20 ሜትር ድረስ ወደ ውኃው ይዘልቃል። ለእንዲህ ያለ ሞገድ የሚሆን አንቴና ትንሽ ሊሆን አይችልም። ጀርመኖች በ1943 ካልበ በተባለች ከተማ አጠገብ ጎልያድ የተባለ ጣቢያ ለባሕር ሰርጓጆቻቸው ሠርተው ነበር። እያንዳንዳቸው ባለ ስድስት ማዕዘን የሆኑ ሦስት የሽቦ ድንኳኖች ነበሩት፤ በየድንኳኑ መካከል 210 ሜትር የሚሆን ምሰሶ፥ በየማዕዘኑም 170 ሜትር የሚሆን ምሰሶ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ስድስት 18 ማዕዘን ይሆናል፤ ነገር ግን ድንኳኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ማዕዘን ስለሚጋሩ የዳር ምሰሶዎቹ 15 ናቸው። ከመካከለኞቹ 3 ጋር ሲደመር 18። (የሰፈራችን ሰው ቁጥሩን አይረሳውም።)

ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ጎልያድን ነቅለው ወሰዱት፤ ጎርኪ በምትባለው፥ ዛሬ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በምትሰኘው ከተማ አጠገብም በ1952 መልሰው አቆሙት። በ1964 ሥራ የጀመረው ቪሌይካም 3 የመካከል ምሰሶዎችና 270 ሜትር የሆኑ 15 የዳር ምሰሶዎች አሉት። ቅርጹ ተመሳሳይ፥ ቁመቱ ብቻ የበለጠ ነው። ካልበን የሚያውቅ ሰው ቪሌይካን ሲያይ «ይህ ለባሕር ሰርጓጆች ነው» ለማለት የማንም ምስክርነት አያስፈልገውም ነበር።

ወደ አጭሩ ሞገድ ስንመለስ ሥዕሉ ሌላ ነው። ከመርከቦችና ከሩቅ የጦር ሠፈሮች ጋር ለመነጋገር ብዙ ጊዜ ሮምቢክ የተባለው አንቴና ያገለግል ነበር፤ በአራት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ባለ አራት ጎን ሽቦ ነው። ሽቦው በፎቶግራፍ አይታይም፤ አራቱ ነጥቦች ግን ይታያሉ። የረጅሙ ሰያፍ አቅጣጫም ጣቢያው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠቁማል። ክብ ሆኖ የተደረደረ፥ በመካከሉ ቤት ያለው ሜዳ ከታየ ደግሞ ያ የሚያዳምጥና የሌላውን መርከብ አቅጣጫ የሚፈልግ ነው። አንባቢው ደግሞ አንድ ጣቢያ ሲያገኝ ሁለተኛውን መፈለግ አለበት፤ አስተላላፊው ተቀባዩን ስለሚያደነቁረው ሁለቱ ተራርቀው ይሠራሉና። የኃይል ማመንጫና የነዳጅ ጋን ያለበት አስተላላፊው፥ ጭር ብሎ ከመንገድ ርቆ የተቀመጠው ተቀባዩ ነው።

በሮምቢክ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከበርበራ ወደ ቭላዲቮስቶክ፥ ማለት ወደ ሶቪየት የፓሲፊክ ባሕር ኃይል ዋና ከተማ፥ በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብንሰምር ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 67 ዲግሪ ያህል እናገኛለን። ራዲዮ ግን የሚሄደው በሉል ላይ በአጭሩ መንገድ ነው፤ በዚያ ሲለካ አቅጣጫው 48 ዲግሪ ይሆናል። በካርታ ብቻ የተማመነ ሰው 20 ዲግሪ ያህል ስቶ ጣቢያውን ለሌላ አገር ይሰጠዋል። በአንጻሩ ከበርበራ ወደ ሞስኮ 354፥ ወደ ሴቫስቶፖል 346 ዲግሪ ነው፤ ይህን 8 ዲግሪ በአንቴና ቅርጽ ለይቶ «ለዚህ ነው፥ ለዚያ አይደለም» ማለት ድፍረት ነው።

በርበራን የመረጥሁት በከንቱ አይደለም። በጁን 1975 የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ጄምስ ሽሌሲንጀር የበርበራን የአየር ፎቶግራፎች ለሴኔቱ የጦር ኮሚቴ አቀረቡ። የሚሳይል ማከማቻ፥ የነዳጅ ጋኖች፥ በመሠራት ላይ ያለ የአይሮፕላን ማረፊያ፥ የራዲዮ መገናኛ ጣቢያም እንዳለ ተነገረ። የሶማሊያ መንግሥት የጦር ሠፈር የለም ብሎ ካደ፤ እንግዶችም መጥተው እንዲያዩ ጋበዘ። በጁላይ በሴናተር ዲዊ ባርትሌት የተመራ ቡድን በርበራ ገባ፤ ሲመለስም የሚኒስትሩን ቃል የሚደግፍ ሪፖርት አቀረበ።

እንግዲህ ፎቶግራፉ ውሸት አልነበረም። ዳሩ ግን ያን ጊዜ ለምን ወጣ? በዋሽንግተን የነበረው ክርክር በሕንድ ውቅያኖስ ስላለችው ስለ ዲዬጎ ጋርሲያ የጦር ሠፈር ነበር፤ ጁላይ 28 ቀንም ሴኔቱ ማስፋፊያውን ለማገድ የቀረበውን ሐሳብ ጣለው። ከ2 ዓመት በኋላ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር አደጋው የወደቀው በእኛ ላይ ነው። ፎቶግራፉ ግን የወጣው ለእኛ ማስጠንቀቂያ ተብሎ አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ፎቶግራፍ የሚያነብ ሰው ከአንቴናው አቅጣጫ እኩል የፎቶግራፉን ባለቤት አቅጣጫ መለካት ይኖርበታል።

የሚተከል ምሰሶ የሶቪየት ብቻም አልነበረም። የኢጣልያ ባሕር ኃይል በአሥመራ የነበረውን ራዲዮ ማሪና የተባለ ጣቢያ አሜሪካኖች በ1943 ገቡበት፤ በሜይ 1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር የ25 ዓመት ውል ተፈራረሙ፤ ኮርያ በዘመተው ጦር ስምም ቃኘው ጣቢያ ተባለ። ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ለአድማጭ ጣቢያ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ግሥ ከግእዝም ከአማርኛም ቢፈለግ አይገኝም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ለራዲዮ የተመቸ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽም ከሶቪየት የጠፈር መንኰራኵሮች የሚመጣውን ለመስማት ሁለት ታላላቅ ሰሐን መሰል አንቴናዎች ተተከሉበት፤ ትልቁ 45 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። ይህን ከላይ ለማየት አንድም ብልኃት አያሻም። ደርግ ጣቢያውን በኤፕሪል 1977 አዘጋው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሶማሊያ ሶቪየቶችን አስወጣች። በበርበራ የነበረው 8,500 ቶን የሚያነሣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛም ተጎትቶ ወጣ፤ ኋላም በዳህላክ፥ ኢጣልያኖች እስር ቤት አድርገዋት በነበረችው በኖክራ ደሴት ተገኘ። በኖክራ አንባቢው የሚይዘው ይህን መጠገኛ፥ የመርከብ ማሰሪያውን፥ የነዳጅና የውኃ ጋኖቹን ነው እንጂ የአንቴና ሜዳ አይደለም። መርከብ የራሱን ራዲዮ ተሸክሞ ስለሚዞር፥ መርከብ በታየበት ሁሉ ምሰሶ መፈለግ ጀማሪን የሚያደክም ነገር ነው።

ለመሞከር የሚወድ ተማሪ በቪሌይካ ይጀምር። ምሰሶዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ በ1995 በተደረገ ስምምነት ሩስያ ትገለገልባቸዋለች። ለሁሉ ክፍት የሆኑት የሳተላይት ሥዕሎች ከኮሮና እጅግ የጠሩ ናቸው። መጀመሪያ ጥላዎቹን ይቁጠር፤ 18 ላይ ካልደረሰ ሥዕሉ በቀትር የተነሣ መሆኑን ይመርምር፥ ሌላም ይፈልግ።