ከጡጫው በፊት ጭፈራ

ሰባ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቦክሰኛ ፊት ሲቆም ተመልካቹ የሚፈራው ለትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2003 ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ውስጥ የተሸነፈው ግን ትልቁ ነበር። ትንሹ ጌንኪ ሱዶ ይባላል፤ ግዙፉ “በተርቢን” በሚል ቅጽል የሚታወቀው አሜሪካዊው ኤሪክ ኤሽ ነው። ሱዶ በሁለተኛው ዙር የሰውየውን እግር አቅፎ ተረከዙን ጠመዘዘው። ተረከዝ ሲጠመዘዝ የሚጎዳው ጉልበት ነው። የጉልበት ጅማት ደግሞ ብዙ ሳያምም ሊበጠስ ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩ የገባው ሰው ሕመሙን አይጠብቅም፣ ቶሎ በእጁ መታ መታ አድርጎ መሸነፉን ያሳውቃል። እዚህ ላይ ኪሎ ምንም አይረዳም።

ጃፓኖች ሱዶን የወደዱት በዚህ ብቻ አልነበረም። ወደ ሪንግ የሚገባው የተውኔት የሚመስል ልብስ ለብሶ፣ ጨፋሪ አስከትሎ፣ ራሱም እየጨፈረ ነበር። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን ድንገት እንደ ሮቦት ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለባላጋራው ጀርባውን የሚሰጥበት ጊዜም ነበር። ዕብደት ቢመስልም ስሌት አለው፤ የሚጠብቁትን የማያገኙ ዓይኖች ለቅጽበት ይዘገያሉ። አሸንፎ ሲጨርስ የሚያነሣው ባንዲራ ላይ የተጻፈው “ሁላችንም አንድ ነን” የሚል ነበር። ደቂቃ ሳይሞላ የሰው ጉልበት ሲጠመዝዝ የነበረ ሰው ይህን መስበኩ ለእኔ ከጭፈራው በላይ ይገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ ጓንቱን ሰቀለ። በ2009 “ወርልድ ኦርደር” የተባለ የሙዚቃና የጭፈራ ቡድን አቋቋመ። ሰባት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሆነው በተጨናነቀ መንገድ መሀል ይቆማሉ። ከዚያ ሰውነታቸው ቆረጥ፣ ቆረጥ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ ክንዱን ሲያነሣ ከኋላው ያሉት በሰከንድ ክፋይ ልዩነት ተከትለው ያነሣሉ። መንገደኛው ግራ ገብቶት ያልፋል። በ2011 ጃፓንን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በኋላ ያወጡት “ማሽን ሲቪላይዜሽን” የተባለው ሥራቸው በዓለም ዙሪያ ታየ። ሱዶ በ2019 የጃፓን ላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል።

ስፖርቱን ለማያውቀው ባጭሩ፦ ኤምኤምኤ ቡጢን፣ ርግጫን፣ ትግልንና መሬት ላይ ወድቆ መተናነቅን የሚያጣምር ውድድር ነው። ትልቁ ድርጅት ዩኤፍሲ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በኖቬምበር 1993 ዴንቨር ላይ ነው። ያኔ የክብደት ምድብ አልነበረም፤ 80 ኪሎ የሚሆነው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ባላጋራዎቹን ተራ በተራ እጅ አሰጥቶ አሸነፈ። ዛሬ ምድብ አለ፤ አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ዙር ይጫወታሉ፣ ለሻምፒዮንነት ከሆነ አምስት ዙር።

እኛም አገር፣ ጎጃም ውስጥ፣ ቁይም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ጎረምሳው ይህን በስልኩ ይቀባበላል። ተፋላሚ እየጨፈረ ሲገባ “ድብድብ ነው ወይስ ሠርግ?” ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ሳቁ አይገባኝም። ጎጃም ውስጥ ድብድብና ሠርግ መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? ማሲንቆው ሲጋጋል አንዱ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ይዞ ከመሀል ዘሎ ይወጣል። “ዘራፍ!” ይላል። ሁለት ሦስት ርምጃ ተንደርድሮ ዱላውን እንደ ጦር ይሰብቃል፣ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የዋለበትን ይቆጥራል። ይህን ሁሉ ሲል ቃሉ ቤት መምታት አለበት። ክንዱ ብርቱ ሆኖ አፉ የተሳሰረ ፉካሪ ተመልካች አያገኝም፤ አንዳንዱ ሽማግሌማ ከጉልበቱ ይልቅ ግጥሙን ነው የሚያመሰግነው።

የሜዳ ስምም አዲስ ነገር አይደለም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ነበሩ፤ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ናይጄሪያ ተወልዶ ኒው ዚላንድ ያደገው እስራኤል አደሳንያ ደግሞ የሜዳ ስሙን ያወጣው ይወደው ከነበረው “አቫታር” ከተባለ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። አደሳንያ ተፋላሚ ከመሆኑ በፊት ጨፋሪ ነበር፤ የኮምፒውተር ዲዛይንም ተምሯል። በኦክቶበር 2019 ሜልበርን ስታዲየም ውስጥ ለዩኤፍሲ የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮንነት ሲወዳደር፣ ከጨፋሪ ጓደኞቹ ጋር ተለማምዶ ያዘጋጀውን ጭፈራ መግቢያው ላይ አቀረበ። ላቡን ሳያደርቅ ገብቶ ሮበርት ዊታከርን በሁለተኛው ዙር ዘረረው።

ጁላይ 2022 ላይ ግን ሌላ ሆነ። የነጻ ትግል ትርኢቱን ሰው “አንደርቴከር”ን መስሎ፣ ጥቁር ለብሶ፣ የባላጋራውን የጃሬድ ካኖኒየርን ስም የያዘ የአመድ ማስቀመጫ ተሸክሞ በቀብር ሙዚቃ ገባ። አዳራሹ አበደ። ውድድሩ ግን አምስቱን ዙር ሙሉ ቀዝቅዞ ቆየ፤ በነጥብ ቢያሸንፍም ሕዝቡ አጉረመረመበት። ፉከራ ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በፉከራህ ልክ ካልተገኘህ ማሸነፍህም አያድንህም።

ሴቶቹ ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስደውታል። ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት ተፋላሚዎች በሕዝብ ፊት ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ተፋጥጠው መዛዛትና መሰዳደብ የተለመደ ነው። አንጄላ ሂል ኒው ዮርክ በሚገኘው ኩፐር ዩኒየን ሥነ ጥበብ ተምራ በአኒሜሽን ሥራ የቆየች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ የወጣችው “ስትሪት ፋይተር” በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለውን ዳልሲምን መስላ ነው። እንዲህ የለበሰችን ሴት መሳደብ ከባድ ነው፤ ባላጋራዋም ሳትወድ ትስቃለች። “ደስተኛዋ ተዋጊ” የምትባለው ሮክሳን ሞዳፌሪ ጃፓንኛ አጥንታ፣ ጃፓን አገር እንግሊዝኛ እያስተማረች ስትፋለም ዓመታት ኖራ፣ ታሪኳንም ራሷ በመጽሐፍ ጽፋለች። ለሁለቱም ሌላው ሥራቸው ከስፖርቱ ቀድሞ ወይም ጎን ለጎን የነበረ እንጂ ዝና ሲመጣ የተለጠፈ ጌጥ አልነበረም።

ጡጫና ጦርነት አንድ አይደሉም፤ በዚህ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ታጋይና ደራሲ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ከምሥራቅ ጎጃም መውጣት አያስፈልግም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ለቁይ ሩቅ ያልሆነው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ጣሊያን ሲወር አስተማሪነታቸውን ትተው የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ዘመቱ። ሽሬ ላይ ጦሩ ተሸነፈ። ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ትግሉን ቢቀጥሉም በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ራስ እምሩ ፖንዛ ወደተባለው የጣሊያን ደሴት ተጋዙ፤ ሐዲስም እዚያና ሊፓሪ ታስረዋል። ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲወርድ በእስረኝነት የተወሰደው ወደዚያው ወደ ፖንዛ ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያላግጣል።

የሚገርመው ታዲያ አዛዡም ወጣቱም ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነው መውጣታቸው ነው። ራስ እምሩ “ፊታውራሪ በላይ”ን ጻፉ። ሐዲስ በ1958 ዓ.ም. “ፍቅር እስከ መቃብር”ን አሳተሙ። ልብ ብሎ ላነበበው፣ መጽሐፉ ውስጥ ጀግንነታቸውን አብዝተው የሚያወሩት ፊታውራሪ መሸሻ ማሾፊያ ናቸው፤ ሽሬን ያየ ሰው ባዶ ፉከራን እንዴት እንደሚሰማ እዚያ ይታያል። ስለ ጦርነቱ በቀጥታ የጻፉት “ትዝታ” የወጣው ግን ከዘመቻው ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የራስ እምሩ የራሳቸው ትዝታ፣ “ካየሁት ከማስታውሰው”፣ ከዚያም ዘግይቶ፣ እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታተመ።