ከኔትወርክ ድንጋዩ እስከ ምሰሶው ጫፍ

መንዝ ውስጥ በአጎቴ ግቢ፣ ከበጎቹ ጋጣ አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቤተሰቡ «የኔትወርክ ድንጋይ» ይለዋል። አዲስ አበባ ላለው ልጅ የሚደወለው፣ በቴሌብር የተላከ ገንዘብ መግባት አለመግባቱ የሚታየው እዚያ ላይ ተቁሞ ነው። የአጎቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የመልመጃ ጥያቄ ማውረድ ስትፈልግ ስልኳን ድንጋዩ ላይ ታስቀምጥና ጋቢ ተከናንባ አጠገቡ ቁጢጥ ትላለች። ስልኩን ካነሳችው ይቋረጣል። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ከሄደች ኔትወርኩ ይጠፋል። ቤት ውስጥማ ጭራሽ የለም።

«ይኼ ድንጋይ ማግኔት ሳይኖረው አይቀርም» አሉኝ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ አይደለም፤ ቦታው ነው።»

«ታዲያ ቦታው ምን አለው?»

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ገጠር ቤት ውስጥ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባም እሱን ነው። ብዙ ሰው ችግሩ የጉልበት ይመስለውና ውድ ስልክ፣ ትልቅ ራውተር፣ ትልቅ ፓኬጅ ይገዛል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው መንገድ ነው። ሞገዱ ከማማው ተነስቶ እቤት የሚደርስበት ጥርት ያለ መንገድ።

የአጎቴ ግቢ ከአንድ ጉብታ ሥር ነው። ማማው ከጉብታው ማዶ ስለሆነ ከግቢው አይታይም። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ የብርሃን ዘመድ ነው፤ በቀጥታ መሄድ ይወዳል፤ ከተራራ ጀርባ ጥላ ይጥላል። ነገር ግን የጉብታው አናት ላይ ሲደርስ ጥቂቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ጥላው ይወርዳል። ምን ያህል ጎንበስ እንደሚል የሚወስነው የሞገዱ ርዝመት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አገልግሎት የሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1800 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ግማሹን፣ 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ በተሻለ ይታጠፋል። ከተማ ውስጥ 4ጂ ሲል የነበረ ስልክ ገደል ሥር ሲገባ ወደ 2ጂ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከጉብታው የወረደው ሞገድ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንዱ በቀጥታ ይመጣል፣ ሌላው የማዕድ ቤቱን ቆርቆሮ መትቶ ይመለሳል፣ ሌላው ከገደሉ ዓለት ይነጥራል። ሲገናኙ ከፍታው ከከፍታው ጋር ከገጠመ ይደጋገፋሉ፤ ከፍታው ከዝቅታው ጋር ከገጠመ ይጠፋፋሉ። በ1800 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ርዝመት 8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በእኛ ልክ አንድ ጋት። ስልክን አንድ ጋት ማንቀሳቀስ ኔትወርክ ሊያመጣም ሊያጠፋም የሚችለው ለዚህ ነው። ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሞገዶቹ የሚደጋገፉበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ቤተሰቡ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በዓመታት ሙከራ ቦታውን ፈልጎ አገኘው። እኔ ይህን ሳስበው ይደንቀኛል። ደግሞም ያሳዝነኛል፤ ለአንድ ጊጋባይት ከከተማው ሰው እኩል የሚከፍል ቤተሰብ የገዛውን ዳታ ውርጭ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሊጠቀምበት አይገባም ነበር።

ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ አለው። ቆርቆሮ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ ድንጋይና ጭቃው የተረፈውን ይውጡታል። ስለዚህ ራውተርን ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦ ሲግናል መጠበቅ እንስራን ደፍቶ ዝናብ እንደ መጠበቅ ነው። ፍለጋው ከደጅ፣ ያውም ከከፍታ መጀመር አለበት።

ለፍለጋው የስልኩን ባሮች አትመኑ። ባር እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገው የሚስለው ሥዕል ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ካርዱን ሁኔታ ብትከፍቱ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። የሚለካው በዴሲቤል ነው። ወደ ዜሮ በ10 በተጠጋ ቁጥር የሚደርሳችሁ ጉልበት 10 እጥፍ ይጨምራል። ድንጋዩ ላይ ያነበብኩት ከዜሮ በታች 116 ነበር። ስልኩን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ፣ ቁጥሩን እየመዘገበ እንዲቆይ አድርጌ፣ ከጎተራው ጀርባ ወደ ላይ ስሰቅለው 98 ደረሰ። ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ነው፤ ማለትም ከ60 እጥፍ በላይ። ምንም አልተገዛም። ከፍ ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ተሳሳትኩ። ስህተቱ ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። አዲስ አበባ ተመልሼ ከአንድ ሱቅ የያጊ አንቴና ገዛሁ። ያጊ እንደ ዓሣ አጥንት በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ አጫጭር ብረቶች ያሉት ነው፤ ሁለት የጃፓን መሐንዲሶች፣ ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ይፋ ያደረጉት ነው። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ትቶ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ብቻ ይሰበስባል። ሻጩ 20 ሜትር ቀጭን ገመድ ጨመረልኝና አንቴናውን ምሰሶ ላይ፣ ራውተሩን ሳሎን እንዳደርግ መከረኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ። ሳሎን ውስጥ የተነበበው ቁጥር ስልኩ ብቻውን እንጨት ጫፍ ላይ ካነበበው የባሰ ሆነ።

ጥፋተኛው ገመዱ ነው። ቀጭን የአንቴና ገመድ በእነዚህ ድግግሞሾች በእያንዳንዱ ሜትር ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ይበላል። በ20 ሜትር ከ10 ዴሲቤል በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ከ10 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይተርፍም። አንቴናው ላይ ሆኖ የሰበሰበልኝን ገመዱ መንገድ ላይ ጨረሰው።

መፍትሔው ራውተሩን ወደ ሲግናሉ መውሰድ ነው። ለደጅ የተሠራ፣ አንቴናው ከውስጡ ያለ ራውተር አለ፤ ካልተገኘም ተራውን ራውተር ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ሳጥን ከቶ ከአንቴናው ሥር፣ ምሰሶው ላይ ማሰር ነው። ከዚያ ወደ ቤት የሚወርደው የኔትወርክ ገመድ ይሆናል። ይህ ገመድ ዳታውን የሚያስተላልፈው በዲጂታል መልክ ስለሆነ እስከ 100 ሜትር ድረስ ምንም አይጎድልበትም፤ በዚያው ገመድ ኤሌክትሪኩንም ወደ ላይ መላክ ይቻላል። እኔ ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። 4ጂ በአንድ ጊዜ በሁለት አንቴና መቀበል ይችላል፤ ሁለቱ አንቴናዎች አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ 45 ዲግሪ ዘንበል ብለው ሲታሰሩ በአንድ መንገድ ሁለት ጭነት ያልፋል። አንድ አንቴና ብቻ መትከል ፍጥነቱን በግማሽ ሊያስቀረው ይችላል።

መብራቱስ? ግቢው የመንግሥት መብራት አልገባለትም። ራውተሩ 10 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ሌትና ቀን ቢሠራ 240 ዋት ሰዓት። 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቀን ከሩብ ይሆናል። በበጋ የ100 ዋት ሶላር በደህና ይሞላዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን መንዝ ጭጋግ ይወርሰዋል፤ ፀሐይ ሳይታይ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ሶላሩን በክረምቱ ልክ መግዛት ይሻላል፤ እኛ ሁለት ሰሌዳ አደረግን። መብረቅም አለ። ደጋ ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ መሬት ውስጥ ጠልቆ በተቀበረ ብረት ካልተያያዘ አደገኛ ነው። የእኛ የእንጨት ቢሆንም አንቴናው ብረት ስለሆነ ሽቦ አውርደን ቀበርን። ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ነቅሎ ከቤት ማራቅ የአጎቴ ልጅ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መጎተቱ አልቀረም። እዚህ ላይ አንቴና ምንም አያግዝም። የአንድ ማማ አቅም በሥሩ ላሉት ሁሉ የሚከፋፈል ነው፤ ገጠር ያለ ማማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኘው ከተራራ ተራራ በሚወረወር ማይክሮዌቭ ነው። ያ መስመር ከጠበበ ሁሉም ይጠበዋል፤ የማማው ባትሪ ካለቀም ሁሉም ይቋረጥበታል። ከባድ ፋይሎቿን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲወርዱ አድርጋ መተኛቱን ልጅቷ ለምዳዋለች።

ምንም ማማ የማይደርስበት ቤትስ? ከሁለት መንገዶች አንዱ ይቀራል። የመጀመሪያው ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ ራውተር አስቀምጦ በዋይፋይ ዲሽ ወደ ቤት መወርወር ነው። ርቀቱ አያስፈራም። ኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የተባለ ቬንዙዌላዊ መሐንዲስ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 በአንዲስ ተራሮች መካከል በዋይፋይ 382 ኪሎ ሜትር አገናኝቷል። የከበደው የሞገዱ ጉልበት አልነበረም። ዋይፋይ ለላከው ነገር ሁሉ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ከዘገየ ጠፋ ብሎ እንደገና ይልካል። ብርሃን እንኳ 382 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ተራ ዋይፋይ ደግሞ ያን ያህል አይታገሥም። ትዕግሥቱን የሚያረዝም ሶፍትዌር ተጫነለትና ሠራ። በአሮጌው 2ጂም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የሰዓት አቆጣጠሩ በተለመደው አሠራር ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ አይፈቅድም። ሸለቆ ማዶ ያለ ማማ በዓይን እየታየ ስልኩ የማይዝበት ጊዜ ሊኖር የሚችለው በዚህ ነው።

ለዋይፋይ ዲሽም መታየት ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ በሁለቱ ዲሾች መካከል ሲሄድ መሀሉ ላይ እንደ ድንች ይወፍራል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለ10 ኪሎ ሜትር ርቀት መሀል ላይ ከቀጥታው መስመር በየአቅጣጫው 11 ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። የዛፍ ጫፍ እዚያ ውስጥ ከገባ፣ ያውም ቅጠሉ በዝናብ ከራሰ፣ ግንኙነቱ ይዳከማል።

ሁለተኛው ሳተላይት ነው። የድሮው ዓይነት፣ ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ያገናኘበት ዲሽ የሚያየው፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ከመሬት ጋር እኩል የሚዞር ነው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለኢሜይል ምንም አይደለም፤ ለቪዲዮ ጥሪ ግን አንዱ ሌላውን እያቋረጠ መነጋገር ይሆናል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ግን በእኛ ኬንትሮስ ያለ እንዲህ ዓይነት ሳተላይት ከአናታችን በላይ ስለሚቆም ገደል ሥር ያለ ቤት እንኳ ያየዋል። አዲሱ ዓይነት፣ ስታርሊንክን የመሰለው፣ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሺዎች ሆኖ ይዞራል፤ ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ይሠራል። ቅርብ ስለሆነ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከአንዱ ሳተላይት ወደ ሌላው እየተቀባበለ ስለሚሠራ ሰፊ ጥርት ያለ ሰማይ ይፈልጋል። የተለመደው ዲሹም ከ50 ዋት በላይ ይበላል። ከላይ ያሰላሁትን ሶላርና ባትሪ በአምስት እጥፍ ከዚያም በላይ አባዙት፤ ለገጠር ቤት ትልቁ ወጪ ዲሹ ሳይሆን መብራቱ ሊሆን ይችላል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ማማ ማየት የሚችል ሰው፣ ወይም በምሰሶ ማየት የሚችል፣ መጀመሪያ ምሰሶውን ይሞክር የምለው ለዚህ ነው።

የእኛ ምሰሶ ዘጠኝ ሜትር ነው። ከጉብታው ጫፍ በላይ ባያልፍም ጥላውን አሳስቶታል፤ ራውተሩ አሁን የሚያነበው ከዜሮ በታች 87 ነው። የቀረን እንቅፋት በግቢውና በጉብታው መካከል ያለው ባሕር ዛፍ ነው። አንቴናው የሚያይበት አቅጣጫ ላይ ስለቆመ በክረምት ቅጠሉ ሲርስ ቁጥሩ በስድስትና በሰባት ይወርዳል። «ጋሼ፣ ሦስቱን ብንቆርጣቸውስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ባሕር ዛፍ ለቤቱ ባንክ ነው፤ ያልደረሰ ዛፍ አይቆረጥም። ዝም ብለው ወደ ዛፎቹ ሄዱና በመዳፋቸው ግንዱን እየለኩ አንድ በአንድ ዞሩ። በመጨረሻ አንዱን፣ ቀጥ ብሎ የወጣውን፣ በቢላዋ ቅርፊቱን ላጥ አድርገው ምልክት አደረጉበት።

«ይኼ በሁለት ዓመት አሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል» አሉኝ። «የሚቀጥለው ምሰሶ እሱ ነው።»