የእይታ ነርቭ ራስ፦ ቅርጹ ቢመለስ እይታው ይመለሳልን?

አንባብያን በነጭ ወረቀት ላይ የመደመር ምልክት፣ ከእርሱም በስተቀኝ በ7 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጥቁር ነጥብ ይሳሉ። ግራ ዓይንን ሸፍነው፣ በቀኝ ዓይን ምልክቱን ብቻ እየተመለከቱ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊታቸው ቢያቀርቡ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነጥቡ ይሰወራል። ይህን ክስተት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድሜ ማርዮት ነው። የነጥቡ ምስል ያረፈው ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት በሌሉበት በእይታ ነርቭ ራስ፣ ማለትም በኦፕቲክ ዲስክ ላይ ነው። ስፋቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ መውጫ አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ከሬቲና ተሰባስበው ወደ አንጎል ያመራሉ።

መውጫው ግን ባዶ ቀዳዳ አይደለም። ክሮቹ የሚያልፉት ላሚና ክሪብሮሳ በተባለ ወንፊት መሰል ሽፋን በኩል ነው። ይህ ሽፋን በዙሪያው ካለው ጠንካራ የዓይን ነጭ ይልቅ ስስ በመሆኑ፣ የዓይን ግፊት ሲጨምር ይበልጥ የሚለጠጠው እርሱ ነው። የአብዛኛው ጤናማ ዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የግፊቱ መጠን በዓይን ውስጥ በሚመነጨው ፈሳሽ ብዛትና በመውጫ መንገዱ ተቃውሞ ይወሰናል፤ ጉዳዩ ከኤሌክትሪክ ጅረትና ከሽቦ ተቃውሞ ዝምድና ጋር ይመሳሰላል።

ግላኮማ በተባለው ሕመም ወንፊቱ ወደ ኋላ ይጎብጣል፤ ቀዳዳዎቹም ይዛባሉ። በክሮቹ ውስጥ የሚካሄደው የንጥረ ነገሮች ዝውውር ስለሚታወክ ክሮቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። በነርቩ ራስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ይሰፋል፤ የክሮቹ ጠርዝም ይሳሳል። ግፊታቸው ከ21 ሳያልፍ ይህ ጉዳት የሚደርስባቸው ሰዎችም ስላሉ፣ ግፊትን መለካት ብቻውን አይበቃም፤ የነርቩን ራስ ማየትም ያስፈልጋል። ይህን ያስቻለው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋወቀው የዓይን መመልከቻ መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኬርንስ የተባለ ሐኪም ያቀረበው ቀዶ ሕክምና፣ ትራቤኩሌክቶሚ፣ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ያበጃል። ሐኪሙ በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ባለው የዓይን ነጭ ላይ ትንሽ ክዳን መሰል መክፈቻ ይሠራል፤ ፈሳሹም በስስ ሽፋን ሥር ወጥቶ ይመጠጣል። በሌላው ቀዶ ሕክምና የቁስሉ መጠገን የስኬት ምልክት ሲሆን፣ እዚህ ግን ጠባሳው መውጫውን ሊደፍነው ይችላል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ማይቶማይሲን የተባለ የጠባሳን እድገት የሚገታ መድኃኒት ይደረግበታል።

ግፊቱ ሲቀንስ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1991 የቀረበው ኦ.ሲ.ቲ.፣ ኢንተርፈረንስ በተባለው የብርሃን ሞገዶች መደራረብ እየተጠቀመ የዓይንን ውስጠኛ ሽፋኖች ይስላል። በዚህ መሣሪያ ሲታይ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በብዙ ታካሚዎች ዘንድ የጎበጠው ወንፊት ወደ ፊት ይመለሳል፤ ጎድጓዳውም ጥልቀቱ ይቀንሳል። ሕብረ ሕዋሳቸው ይበልጥ ተለጣጭ በሆነ ሕፃናት ዘንድ ለውጡ ጎልቶ ይታያል።

ይሁን እንጂ የቅርጽ መመለስ የእይታ መመለስ አይደለም። የተለጠጠው ሽፋን ሊሰበሰብ ይችላል፤ የሞተው የነርቭ ክር ግን ዳግም አያድግም። የዓይን ሞራ ሲወጣ ብርሃን እንደሚመለስ የሚያውቅ ታካሚ ከግላኮማ ቀዶ ሕክምናም ይህንኑ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህኛው ዓላማ የቀረውን እይታ ማቆየት ነው። ብርሃኔ አልተመለሰም ብሎ ክትትሉን የሚያቋርጥ ሰው የተረፈውንም ሊያጣ ይችላል።

ከላይ ባየነው ሙከራ ነጥቡ ሲሰወር በስፍራው ጥቁር ጉድጓድ አልታየንም፤ አንጎል ክፍተቱን በአካባቢው ገጽታ ሞልቶታልና። በግላኮማ የሚጠፋው እይታም ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆየው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በመሆኑም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በግላኮማ የታመመባቸው ሰዎች፣ ምንም ሳያማቸው የነርቩን ራስ ማስመርመር ይገባቸዋል። የአፍሪካ ተወላጆች ለዚህ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ ምክሩ በእያንዳንዳችን ቤት ላሉ ወላጆች ሊደርስ የሚገባው ነው።